ወደ አክሰሲቢሊቲ (ዲጂታል ተደራሽነት) ሥራ እንዴት ይገባል? እኔ የገባሁበት መንገድ

በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ሰው ይጽፍልኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ኪውኤ ተምሬያለሁ፣ አሁን ወደ 508 መግባት እፈልጋለሁ፣ የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?» ኪውኤ የሶፍትዌር ፍተሻ ነው፤ 508 ደግሞ የአሜሪካ ፌደራል መሥሪያ ቤቶች ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን የሚያስገድደው ሕግ ነው። እስካሁን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስመልስ ነበር። ዛሬ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አንድ ቦታ ልጽፈው አልኩ።

መልሴ ከኮርስ አይጀምርም። ከስልካችሁ ነው የሚጀምረው። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ጋ ግቡና ቶክባክን አብሩት። አይፎን ከሆነ ቮይስኦቨር ይባላል። ስልኩ ማውራት ይጀምራል። ጣታችሁን ወደ ቀኝ በጠረጋችሁ ቁጥር ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳል፤ የፈለጋችሁትን ለመክፈት ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ነው። አሁን ስክሪኑን ሳታዩ ለአንድ ሰው ብር ላኩ። ወይም ቴሌግራም ላይ የመጣላችሁን የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ። አንድ ሰዓት ስጡት። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ የተናደዳችሁበት፣ ግራ የገባችሁና ተስፋ የቆረጣችሁበት ቦታ ሁሉ እኛ ቀን ከቀን የምንሠራበት ቦታ ነው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልንገር። ዲጂታል ተደራሽነት ማለት ድረ ገጹን፣ አፑን፣ ፒዲኤፉን ማየት ወይም መስማት የተሳነው ሰው፣ እጁ እንደልቡ የማይታዘዝለት ሰው፣ ማንበብ ወይም ማስታወስ የሚያስቸግረው ሰው የማንንም እጅ ሳይጠብቅ እንዲጠቀምበት አድርጎ መሥራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ6 ሰው 1 ሰው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት አለበት። አረጋውያን ወላጆቻችንን አስቡ። የማንን ቤት ብናንኳኳ አንድ ሰው አናጣም።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ያለ ሀበሻ የሚቀጥለውን ታሪክ ከኔ በላይ ያውቀዋል። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ልጅ፣ ቅዳሜና እሁድ የኪውኤ ክላስ። ከስምንት ወር በኋላ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ኮንትራክተር ጋ ማኑዋል ቴስተር ሆኜ ተቀጠርኩ። ሁለት ዓመት ያህል ሠራሁ። ከዚያ አንድ ቀን አለቃዬ «508 የሚሠራ ሰው ጎድሎናል፣ ትሞክሪዋለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ያኔ ለእኔ ሌላ ቼክሊስት ነበር። አውቶማቲክ መፈተሻውን አስነሳለሁ፣ የሚያወጣውን ዝርዝር ኮፒ አደርጋለሁ፣ እልካለሁ። የመጀመሪያው ሪፖርቴ ከ200 በላይ ስህተት ነበረበት። ዲቨሎፐሩ ግማሹን ዘጋው፣ ግማሹን «አልገባኝም» ብሎ መለሰው። እውነቱን ነው። ለእኔም አልገባኝም ነበር።

ነገሩ የገባኝ አዲስ አበባ ነው፣ ጋሼ ቤት፣ ሶፋው ላይ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ግላኮማ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደባቸው፤ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያሉ። ለዕረፍት ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ ቡና እየጠጣን ስልካቸውን አወጡ። ለሠራተኛዋ ደሞዝ ሊልኩ ነው። የትኛው አፕ እንደሆነ አልናገርም፣ ብዙዎቹ ያኔ ያው ነበሩ። ጣታቸውን ጠረጉ። ስልኩ በእንግሊዝኛ «አንሌብልድ፣ በተን» አለ። ስም የሌለው ቁልፍ ማለቱ ነው። ጠረጉ። «አንሌብልድ፣ በተን።» እንደገና ጠረጉ። «አንሌብልድ፣ በተን።» ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እየቆጠሩ ነው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚቆጥሩት?» አልኳቸው።

«ሰባተኛው ላክ ነው» አሉኝ። «አራተኛው ተመለስ ነው። ሦስተኛውን አልነካውም፣ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

የአፑን ሆድ ዕቃ በቃላቸው ይዘውታል። እኔ ደነቀኝና አደነቅኳቸው። እሳቸው ግን ሳቅ አላሉም። አንድ ጊዜ አፑ አፕዴት ሲደረግ ሰባተኛው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ገብቶ፣ ደሞዝ የላኩ መስሏቸው ለራሳቸው ስልክ የ1,500 ብር የአየር ሰዓት ሞልተዋል። «ከዚያ ወዲህ ሲጨንቀኝ ለጎረቤት ልጅ እሰጠዋለሁ። የሚስጥር ቁጥሬንም ያውቀዋል» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ጥሩ ልጅ ነው» ብለው ጨመሩ።

ያቺ «ጥሩ ልጅ ነው» የሚሏት ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው የገዛ ገንዘባቸውን የሚቆጥርላቸው ሰው ጥሩ መሆኑን እያመኑ መኖር አለባቸው። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ቁልፉ ላይ ሥዕል ብቻ ተደርጎ ስም አልተጻፈለትም። ስም መስጠት ኮዱ ውስጥ አንዲት መስመር ነው። ዲቨሎፐሩ ክፉ ሰው አይደለም። እንደ ጋሼ ያለ ሰው ሲጠቀምበት አይቶ አያውቅም፣ በቃ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ያንኑ ሥራ በሌላ ዓይን ጀመርኩት። እድለኛም ነበርኩ፤ አዲስ በገባሁበት ቡድን ውስጥ ማየት የተሳነው አሜሪካዊ ሲኒየር ቴስተር ነበር። ጆውስ በሚባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው የሚሠራው። ድምፁን የሚያስኬድበት ፍጥነት አንድ ቃል እንኳ አያስይዝም፤ እሱ ግን ቡናውን እየጠጣ ያዳምጠዋል። መጀመሪያ ያለኝ ነገር «ሞኒተርሽን አጥፊው» ነው። አጠፋሁት። አንድ የማመልከቻ ፎርም በኪቦርድና በጆሮ ብቻ እንድሞላ ሰጠኝ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ያውም ሳልጨርሰው። ከዚያ እሱ ወሰደውና የት ቦታ እንደተያዝኩ፣ ለምን እንደተያዝኩ በሁለት ደቂቃ አሳየኝ።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ፣ እኔም ለእናንተ ላስተላልፈው። ሞኒተር አጥፍታችሁ የምትሞክሩት ኮዱን ለማወቅ ነው። የዓይነ ስውርን ኑሮ አወቅን እንዳትሉ። እናንተ ስትጨርሱ ሞኒተሩን መልሳችሁ ታበራላችሁ። እሱ ደግሞ በጆውስ ዓመታት የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ እናንተ የሚከብዳችሁ ነገር ለእሱ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ያላያችሁት ደግሞ እሱን ግድግዳ ሆኖ ያቆመዋል። ስለዚህ ጠይቁ። አዳምጡ። ለሚያማክራችሁ ሰው ስለ ጊዜው ክፈሉት፤ ምክር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ ከሆነ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር አውርዱ። ነፃ ነው። ማይክል ከረንና ጄምስ ቴ የሚባሉ ሁለት ማየት የተሳናቸው አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። የሚሸጡት ስክሪን ሪደሮች ዋጋ ለብዙ ሰው የማይቀመስ ነበር፤ ቁጭት ሠራው ማለት ይቻላል። ኤንቪዲኤን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትማሩት ኮንትሮል ሲነካ ዝም እንደሚል ነው፣ ያለዚያ ታብዳላችሁ። ከዚያ የኤች ፊደል ከርዕስ ወደ ርዕስ ይወስዳችኋል፣ የቢ ፊደል ከቁልፍ ወደ ቁልፍ፣ የኤፍ ፊደል ከአንዱ የፎርም ሳጥን ወደ ሌላው። በየቀኑ አንድ ድረ ገጽ። አንድ ወር። ይሄ ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይቀድማል ባይ ነኝ።

ጎን ለጎን መስፈርቱን አንብቡ። ዊካግ ይባላል። የድሩን ደንቦች የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ የሚባለው ድርጅት ነው ያወጣው፤ የመጀመሪያው በ1999፣ 2.0 በ2008፣ 2.1 በ2018፣ 2.2 ደግሞ በ2023 ወጣ። ሁሉም ነፃ ነው። በአንድ ጊዜ አትሸምድዱት። አንድ መስፈርት ያዙና አንድ እውነተኛ ገጽ ላይ ፈልጉት። ለምሳሌ የቀለም ንፅፅር። ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት። ነጭ ላይ የቀለም ቁጥሩ 767676 የሆነው ግራጫ 4.54 ይመጣና ያልፋል። 777777 ግን 4.48 ነው፣ ይወድቃል። በዓይን አትለዩትም። ዲዛይነሩ «በቃ ይቅር፣ ትንሽ ናት» ይላችኋል። መስመሩ የሆነ ቦታ መሰመር እንዳለበት ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው። ይህችው የቀለም ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትገኘው ስህተት ናት። ዌብኤይም የሚባለው ቡድን በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን የመጀመሪያ ገጽ በመሣሪያ ይፈትሻል። በ2025 ከእነዚህ 94.8 በመቶው ላይ መሣሪያ ሊይዘው የሚችል ስህተት ተገኝቷል፤ አንደኛው የደበዘዘ ጽሑፍ ነው። መሣሪያ የማይዘው ደግሞ ሌላ ነው። ሥዕል መግለጫ እንዳለው መሣሪያው ያውቃል፤ መግለጫው «ምስል 3» ይበል ወይም ትርጉም ያለው ነገር ይናገር አያውቅም። እሱን ሰው ነው የሚያውቀው።

ሪፖርት አጻጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሥራ የሚያገኘውም የሚያጣውም እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። «ካላንደሩ አክሰሲብል አይደለም» ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አያስተካክለውም። እንዲህ ጻፉት፦ «የማመልከቻ ፎርም፣ ደረጃ 2። ማውዝ ሳልነካ በታብ ብቻ ሄድኩ። የቀን መምረጫው ካላንደር ውስጥ ከገባሁ በኋላ በታብም፣ በኢስኬፕም፣ በቀስቶቹም መውጣት አልቻልኩም። በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው እዚህ ይታገታል፣ ፎርሙን አይጨርስም። የዊካግ መስፈርት 2.1.2።» ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጎዳ። እኔ አንዳንዴ የስክሪን ሪደሩን ድምፅ ቀድቼ አያይዘዋለሁ። ጽሑፉን አንብቦ ያልተነካ ዲቨሎፐር ድምፁን ሲሰማ ይነሳል።

ሰርተፊኬትን በተመለከተ። አሜሪካ ያላችሁ በትረስትድ ቴስተር ጀምሩ። የሆምላንድ ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ነው፣ ኦንላይን ነው፣ ክፍያ የለውም። መፈተሻው አንዲ የሚባል መሣሪያ ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር የሠራው፣ እሱም ነፃ። ፈተናው ቀላል አይደለም፣ ለማለፍ 90 በመቶ ይጠይቃል። ነገር ግን ለፌደራል መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ቀጣሪዎች ያውቁታል። ሲፓክ የሚባለው የአለም አቀፉ የአክሰሲቢሊቲ ባለሙያዎች ማኅበር ሰርተፊኬት ገንዘብ ያስወጣል፤ እሱን ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ፣ ከተቻለም ቀጣሪያችሁ ከፍሎላችሁ ውሰዱት። ብዙ ሺህ ዶላር ተቀብለው «በሦስት ወር ሥራ እናስገባለን» የሚሉ ክላሶች ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ነፃውን ጨርሱ።

ሌላም ልበል፣ የሚከፋው ቢኖርም። ያልሠራችሁትን የአምስት ዓመት ልምድ ሲቪ ላይ እንድትጽፉ የሚመክር ሰው ካለ አትስሙት። ኢንተርቪው ላይ ገጽ ከፍተው «እስኪ በኤንቪዲኤ አሳዪን» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ጣት አይዋሽም። ከዚያ ባለፈ እናንተ «ይሠራል» ብላችሁ የፈረማችሁበት ፎርም ላይ ነው አንድ ሰው የምግብ ድጋፍ ወይም የሕክምና ማመልከቻ የሚሞላው። በምትኩ የሠራችሁትን አሳዩ። ሦስት ድረ ገጾችን በራሳችሁ ፈትሹ፣ ሪፖርቱን በደንብ ጻፉ፣ እሱን አያይዙ። እኔ አሁን ሰው ስመርጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ሥራው የት አለ? እዚህ አካባቢ ዋናው ሴክሽን 508 ነው። ሕጉ በ1998 ተሻሽሎ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ቴክኖሎጂ ተደራሽ እንዲሆን አስገደደ፤ በ2017 ደግሞ መለኪያው ዊካግ 2.0 እንዲሆን ተደረገ። በ2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ የክልልና የከተማ አስተዳደሮች ድረ ገጽና አፕ ዊካግ 2.1ን እንዲያሟላ ደንብ አወጣ። ያ ማለት ካውንቲዎች፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ማለት ነው። በ2025 ብዙ የፌደራል ኮንትራቶች ሲቋረጡ የማውቃቸው ጎበዝ ልጆች ሥራ አጥተዋል፤ ስለዚህ ዓይናችሁን ፌደራል ላይ ብቻ አትትከሉ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የአውሮፓ ተደራሽነት ሕግ ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ባንኩ፣ የቲኬት ሽያጩ፣ ኦንላይን ሱቁ ሁሉ ይመለከተዋል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ለአውሮፓ ደንበኛ ሶፍትዌር የምትሠሩም ይህን ሕግ ብታውቁት ዋጋችሁ ይጨምራል።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ልምጣ፤ ወደ አማርኛው። እኛ ብቻ የምናየው ሥራ አለ፣ ማንም ፈረንጅ አይሠራልንም።

ቀላሉን ልጀምር። አንድ ድረ ገጽ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሆኖ ኮዱ አናት ላይ ቋንቋው «እንግሊዝኛ» ተብሎ ተጽፎ አገኘዋለሁ። ቴምፕሌቱን ሲገዙ የመጣ ነው፣ ማንም አልነካውም። ስክሪን ሪደሩ ያንን አምኖ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል። ወይ ዘሎት ያልፋል፣ ወይ ለጆሮ የማይገባ ነገር ያወጣል። ሁለት ፊደል ነው የሚቀየረው። ቀጥሎ ደግሞ የድሮ ፒዲኤፍ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ነው የተጻፈው። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ከሥሩ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው ያለው፣ ስክሪን ሪደር የሚያነበው ደግሞ ከሥሩ ያለውን ነው። አንዴ አንድ የቆየ መመሪያ ከፍቼ ለጋሼ ላስነብብላቸው ስል የወጣው ድምፅ የሰው ቋንቋ አይመስልም ነበር።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ፎቶ ነው። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ማህተም ይመታበታል፣ በስልክ ፎቶ ይነሳና ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። የፈተና ቀን፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የመብራት መቋረጥ፣ ሁሉም። ማህተሙ ያስፈልጋል፣ ይገባኛል፣ ሰው ማህተም ካላየ አያምንም። ግን ያንኑ ጽሑፍ ከፎቶው ሥር ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ግማሽ ደቂቃ ነው! ይህን ለማስተካከል ዲቨሎፐርም አያስፈልግም። ቻናል የምታስተዳድሩ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ከዛሬ ጀምሩ።

ድምፁም ራሱ ገና ሥራ ይፈልጋል። ኤንቪዲኤ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ አማርኛ አለው፤ የሮቦት ድምፅ ነው ግን ያነባል። ማይክሮሶፍትም መቅደስና አምሃ የሚባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት፣ ለሰው ድምፅ የቀረቡ ናቸው። ፈተናው ፊደላችን ውስጥ ነው። ማጥበቅና ማላላትን አንጽፍም። «ገና» ብዬ ብጽፍ በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልደረሰም» ነው? «ዋና» ወንዝ ውስጥ ነው ወይስ ዋና ሥራ አስኪያጅ? እኛ ከአገባቡ እንለየዋለን፣ ማሽኑ ይሳሳታል። የቋንቋ ልጆች፣ የቴክኖሎጂ ልጆች፣ እዚህ ላይ የማስተርስ ጽሑፍ የምትፈልጉ ሁሉ ኑ። ርስታችሁ ነው።

ማየት የተሳናችሁ ሆናችሁ ይህን በስክሪን ሪደር እያዳመጣችሁ ላላችሁ ደግሞ። ዩኒቨርሲቲውን በጆውስ ጨርሳችሁ ሥራ የምትፈልጉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔ ዓመት የፈጀብኝን ጆሮና ፍጥነት እናንተ ይዛችሁት ነው የምትመጡት። የሚቀራችሁ የመስፈርቱን ቋንቋና የሪፖርቱን አጻጻፍ መማር ነው። ከላይ የጻፍኩት የኤንቪዲኤ ምክር ለእናንተ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ እኛን የምታስተምሩን። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ ጠበቃ ሆና፣ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ስትቀበል የሠራችው ይህንኑ የመካተት ሥራ ነው። ሀበን ግርማም ማየትም መስማትም የተሳናት ሆና ከሃርቫርድ ሕግ ተመርቃ፣ ስክሪብድ የሚባለው ኦንላይን ቤተ መጻሕፍት ለስክሪን ሪደር ዝግ ነው ተብሎ ሲከሰስ ከጠበቆቹ አንዷ ነበረች። በዚህ መንገድ ከእናንተ የቀደሙ አሉ።

የጋሼን ነገር ሳልነግራችሁ ልጨርስ አልችልም። ከአዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ስልካቸውን ይዤ ሪፖርት ጻፍኩ። በአማርኛ ነው የጻፍኩት። እያንዳንዱን ቁልፍ በተራ፣ ምን ስም ሊሰጠው እንደሚገባ፣ አጠገቡም የስልካቸውን ድምፅ ቀድቼ። «አንሌብልድ፣ በተን» እያለ፣ ከሥሩ የሳቸው ድምፅ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» እያለ። ለአፑ ባለቤቶች ላክሁት። ለሁለት ወር መልስ የለም። ደግሜ ላክሁት። አንድ ወጣት ዲቨሎፐር መለሰልኝ፣ «እህቴ፣ ድምፁን ለቡድኑ በሙሉ አሰማሁት» አለኝ።

አፑ ውስጥ ያለው የቀን መምረጫ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። ስሞቹ ግን ገቡ። ጋሼ ባለፈው እሁድ በዋትስአፕ ደውለው «ዝም ብለሽ ስሚ» አሉኝና ሌላኛውን ስልክ ወደ ማይኩ አስጠጉት። ልማድ ሆኖባቸው አሁንም ይቆጥራሉ። አምስት። ስድስት። ሰባት ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ስልኩም «ላክ፣ በተን» አለ።